የታይላንዷ እንግዳ ሦስት ቀን በቆሰበር

ያን ጊዜ ዳንግላ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት ምክትል ርእሰ መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሹም ሽር ተደረገና ከቦታዬ ተነሣሁ። የተተካው ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ያስተማርሁት ልጅ ነው። ልጅ የምለው በእኔ ዓይን ነው እንጂ ትዳር ይዞ ሁለት የወለደ፣ ጨዋ ሰው ነው። ቢሆንም ጠዋት ሰልፍ ላይ እሱ ፊት ቆሞ ሲናገር፣ እኔ ከመምህራኑ ተርታ ሆኜ ስሰማው ዓይኔን ከጫማዬ ላይ አላነሣም። በቢሮው በር ላለማለፍ ብዬ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ዞሬ ወደ ክፍል የምገባ ሆንሁ። ማንም አላስተዋለም።

ከእንጅባራ ስልክ የተደወለልኝ በዚህ መሃል ነው። የደወለው የዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር።

«ከታይላንድ እንግዶች ይመጡብናል» አለኝ። «የቀርከሃ ጉዳይ ነው። አንዷ ትልቅ ሴት ናቸው፣ በአገራቸው ምክትል ሚኒስትር የነበሩ። የምናገናኛቸው ገበሬዎች ደግሞ አብዛኞቹ በአዊኛ ነው የልባቸውን የሚናገሩት። እንግሊዝኛም አማርኛም አዊኛም የሚችል ሰው ስንጠይቅ አንቺን ጠቆሙን።»

ለሦስት ቀን ከትምህርት ቤቱ መራቄን እንጂ ሌላውን ብዙም አላሰብሁበትም። ስለ ታይላንድ የማውቀው ካርታ ላይ የት እንዳለች ብቻ ነው። «እሺ» አልሁት።

ጥቅምት መጨረሻ ነበር። በማለዳ ከዳንግላ ሚኒባስ ተሳፍሬ እንጅባራ ስደርስ የሰው ትንፋሽ ሁሉ ይጨሳል። እናቴ እስከ ዛሬ ከተማውን ቆሰበር እንጂ እንጅባራ ብላ አታውቅም፤ እኔም እዚያ ስደርስ በልቤ የምለው ቆሰበር ነው። ከመናኸሪያው በባጃጅ እንግዶቹ ወዳረፉበት ሆቴል ሄድሁ። ጠባቂ የበዛበት፣ ጥቁር መኪና የተደረደረበት ግቢ ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት አጭር፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ አሳጥረው የተቆረጡ አሮጊት ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ብርዱን ሳያውቁ መጥተው ኖሮ ከገበያ የተገዛ የወንድ ካፖርት ደርበዋል፤ እጅጌው ጣታቸውን ሸፍኖታል። ከጎናቸው አንድ ጎልማሳ የቀርከሃ ባለሙያ ቆሟል። እሱም የአገራቸው ሰው ነው፤ ብዙ ዓመት አብሯቸው እንደ ሠራ በኋላ ነገረኝ።

እንግዳዋ ሲያዩኝ ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው እጅ ነሡኝ። እኛም አገር ሰው እጅ ይነሣል፤ ግን ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ለእኔ ስታጎነብስ ምን እንደማደርግ ጠፋኝና ከእሳቸው ዝቅ ለማለት ስሞክር ቦርሳዬ ከትከሻዬ ወረደ። አነሡልኝ።

የመጀመሪያው ቀን የስብሰባ ቀን ነበር። አዳራሹ ውስጥ መድረክ ላይ ጥልፍ ልብስ የለበሰ ትልቅ ወንበር ተዘጋጅቶላቸዋል። ወንበሩን አዩት፣ አመሰገኑ፣ ከዚያም ሰዎቹን ከዚህ ሆኜ አላያቸውም ብለው ከታች፣ ከገበሬዎቹ ረድፍ ጫፍ ሄደው ተቀመጡ። ኃላፊው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔም ከኋላቸው ተቀመጥሁና በጆሯቸው መተርጎም ጀመርሁ።

ብዙ ንግግር ተደረገ። ከንግግሩ በኋላ ገበሬዎቹ እየተነሡ ተናገሩ፤ ከሃያ የሚበልጡ ይመስለኛል። አንዱ ስለ ተባይ፣ አንዷ ስለ መንገድ፣ ሌላው መሬቱን ለከሰል በሚሆን ግራር ሸፍኖ ቀርከሃውን ስለ ነቀለው ጎረቤቱ። እንግዳዋ መዳፍ የምታህል ደብተር ላይ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ምልክት ይጽፋሉ እንጂ ቀና ብለው የተናጋሪውን ፊት ነው የሚያዩት። ሁለት ሰዓት ያህል አንዴም ወንበራቸውን ሳይደገፉ ሰሙ። እኔ ደከመኝ፤ ድምፄ ሊዘጋ ደረሰ።

በመጨረሻ ተነሡ። ደብተሩን ኪሳቸው ከተው፣ «ከመስኮቱ ሥር ያሉት አባት ሥሩን ስለሚበላው ነቀዝ ጠየቁኝ» ብለው ጀመሩ። «ነጭ ነጠላ ያጣፉት እናት፣ ቅርጫታቸው ገበያ ሳይደርስ ፈረስ ላይ እንደሚሰበርባቸው ነገሩኝ። አጠገባቸው ያለችው ልጅ ደግሞ መናገር ፈልጋ ሁለት ጊዜ እጇን አውጥታ አወረደች፤ እሷን አሁን ብሰማት ደስ ይለኛል።» እንዲህ እያሉ አንድ ሰው ሳይዘሉ በተቀመጡበት ቦታ አስታውሰው ለእያንዳንዱ የሚያውቁትን መለሱ፤ የማያውቁትን አላውቅም አሉ። ስድስት ዓመት ስብሰባ የመራሁ ሰው ነኝ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሰው ሲናገር ምን አደርግ እንደ ነበር ለማስታወስ ሞከርሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምመልሰውን ነበር የማስበው።

በማግስቱ ጠዋት ቀርከሃ ወደሚበዛበት መንደር በመኪና ስንሄድ እናቴ ደወለችልኝና በአዊኛ አዋራኋት። ስልኩን ስዘጋ እንግዳዋ ዞር ብለው፣ «ይህ ትናንት ለባለ ሥልጣኖቹ የተናገርሽው ቋንቋ አይደለም» አሉኝ።

«አይደለም። የቤቴ ቋንቋ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቼ ነው የለመድሁት።»

እሳቸውም ሁለት ቋንቋ እንዳላቸው ነገሩኝ። የተወለዱት በአገራቸው ሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ደረቅ በሆነ ምድር ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረው ሌላ፣ የትምህርት ቤቱና የመንግሥቱ ቋንቋ ሌላ ነው። የቤታቸውን ቋንቋ ክፍል ውስጥ ሲናገሩ ከተገኙ ጥግ ያቆሟቸው ነበር።

«እኛን ስማችንን ለቅጣት ይጽፉብን ነበር» አልኋቸው። ይህን ለማንም ተናግሬው የማውቅ አይመስለኝም።

«ምክር ቤት ስገባ በመንግሥቱ ቋንቋ ተናገርሁ» አሉ። «ገበያ ላይ በእናቴ ቋንቋ። ሰዎች የትኛዋ ነች እውነተኛዋ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሁለቱም እኔ ነኝ።»

አባታቸው ገና በልጅነታቸው ነው የሞቱባቸው። እናታቸው ሩዝ ቀርከሃ ውስጥ ጠቅጥቀው ከፍም ላይ እያበሰሉ መንገድ ዳር ይሸጡ ነበር። ቀርከሃውን ከጫካ የሚቆርጡትና የሚሰነጥቁት እንግዳዋ ራሳቸው ነበሩ። በዚህ ዓይነት ተማሩ፤ የመንደራቸው አስተማሪ ሆኑ። ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ስለ ነበር የመንደሩ ሰው ደብዳቤውን ሁሉ ወደ እሳቸው ያመጣል። አንድ ጊዜ አንድ ባለ ወፍጮ የመስኖውን ውሃ ወደ ራሱ መሬት ጠምዝዞት መንደሩ ሲቸገር፣ አቤቱታውን ጽፈው፣ ከሰዎቹ ጋር በእግራቸው እስከ ወረዳው ሄደው ውሃው ተመለሰ። ሴት የመንደር መሪ እንድትሆን ሕጉ ገና የፈቀደ ሰሞን ነበርና ሰዎቹ መረጧቸው።

«የመጀመሪያውን ስብሰባ ስጠራ አንድም ወንድ አልመጣም» አሉኝ። «ሁለተኛውን ሩዝ የሚያጭዱበት ማሳ ላይ ሄጄ ጠራሁት። ሥራቸውን ጥለው መሄድ አይችሉማ።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። እኔ ግን ሳቅሁ፤ ከዚያ እሳቸውም ተከተሉኝ። የምክር ቤት አባልነቱንና የሚኒስትርነቱን ነገር የነገረኝ ባለሙያው ነው፤ እሳቸው ስለዚያ ብዙ አያነሡም። ከዋና ከተማው በየሳምንቱ መጨረሻ በሕዝብ አውቶቡስ ወደ ክፍለ አገራቸው እየተመለሱ፣ ገበያ መሃል ጠረጴዛ ዘርግተው የሰው አቤቱታ ይጽፉ እንደ ነበር አጫወተኝ።

መንደሩ ደረስን። ሰዎቹ ከቀርከሃው ጫካ ጥግ፣ ሣር ላይ ተሰብስበው ይጠብቁናል። ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። በአካባቢው ሰው የሚያዳምጣቸው፣ ለሽምግልና የሚጠሩ፣ ጥቁር ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው። ኃላፊው የመክፈቻ ንግግሩን እንደ ጨረሰ ሽማግሌው ሳይነሡ፣ ዱላቸውን እንደ ተደገፉ፣ በአዊኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እኒህን ሴት ጠይቂልኝ። ከእሳቸው በፊት ብዙ ሰው መጥቷል። ቀርከሃችንን ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሡናል፣ ስማችንን ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ስማችን የት እንደሚደርስ አናውቅም። እሳቸው የመጡት ለመለካት ነው ለመሥራት? ለመለካት ከሆነ ባለፈው የተለካው አለ፤ እሱን ይውሰዱ።»

ሰዎቹ ድምፃቸውን አፍነው ሳቁ። አዊኛ የሚሰማው ኃላፊ ፊቱ ጠቆረ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ለስለስ አድርጊው» አለኝ። እኔም ፈራሁ። ለእንግዳዋ፣ «እንኳን ደህና መጡ ይላሉ፤ ሥራው ቶሎ እንዲጀመር ይመኛሉ» ብዬ ተረጎምሁ።

እንግዳዋ መጀመሪያ ሽማግሌውን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ዓይናቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ያንቺ አጭር ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «የእሳቸው ረዥም ነበር። ሰዎቹም ሳቁ። እንኳን ደህና መጡ ማለት አያስቅም። እባክሽ፣ ያሉትን እንዳሉት ንገሪኝ።»

ኃላፊው ካፖርቱን ያስተካክላል። ሰው ሁሉ ያየኛል። ምን ብዬ እንደ ጀመርሁ አላውቅም፤ ግን ባለፈው የተለካው አለ የሚለውን ጨምሬ አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው።

እንግዳዋ ከተቀመጡበት ተነሥተው በሣሩ ላይ ተራመዱ። ሽማግሌው ፊት ሲደርሱ መዳፋቸውን ገጠሙና ለባለ ሥልጣኖቹ ካጎነበሱት ይልቅ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። የሚቀጥለውን የተናገሩት ወደ ሽማግሌው ብቻ እያዩ ነው፤ እኔ ከጎናቸው ተንበርክኬ አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ወደ አዊኛ መለስሁት።

«እውነትዎን ነው» አሉ። «እኔም ከእነዚያ አንዷ ነበርሁ። ምክትል ሚኒስትር ሳለሁ አንድ ዓመት ጎርፍ መጣ። በሄሊኮፕተር ሄድሁ። ካሜራ ይዘን ነው የሄድነው። ሩዝ ሰጠን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ሳንቆይ ተመለስን። ከዓመታት በኋላ ሥልጣኑ ሲቀር በአውቶቡስ ወደዚያው መንደር ሄድሁ። አንዲት አሮጊት አወቁኝ። 'አንቺ ነሽ ላስቲኬን ያበረርሽው?' አሉኝ። ቤታቸው ፈርሶ ላስቲክ ወጥረው ነበር የሚኖሩት። የሄሊኮፕተሩ ነፋስ ላስቲኩን ወስዶባቸው ዝናብ ላይ አድረዋል። ስለ እኔ የሚያስታውሱት እሱን ብቻ ነው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

«አሁን ምንም ሥልጣን የለኝም» ብለው ቀጠሉ እንግዳዋ። «ይመጣል ብዬ የምምልልዎ ነገር የለም። ያለኝ ይህ ሰው የሚያውቀው ሙያና የእኔ እጅ ነው። ገጀራ ያለው ሰው ያውሰኝ።»

ሽማግሌው የራሳቸውን ገጀራ ከጎናቸው አንሥተው ሰጧቸው።

ከዚያ ያየሁትን እስከ ዛሬ ለሰው ሳወራ ያጋነንሁ ይመስላቸዋል። እንግዳዋ ካፖርቱን አውልቀው አስቀመጡና ወደ ጫካው ገቡ። ግንዱን በጣታቸው ጥፍር እየኮረኮሙ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። «ይህ የዘንድሮ ነው፤ ይህ የሁለት ዓመት ነው፤ ይህን ብትቆርጡት ይለመልምላችኋል፤ ያንን ግን ተዉት» ይላሉ፤ ባለሙያው ምክንያቱን ያስረዳል። አንዱን መርጠው ቆረጡ። መሬት ላይ አስተኝተው ጫፉን በገጀራው ጫር አደረጉት፤ አንድ ጊዜ መቱት፤ ከዚያ እጃቸውን ሲጠመዝዙት ቀርከሃው ከጫፍ እስከ ሥር ጧ ጧ እያለ ቀጥ ብሎ ተከፈለ። ሁለቱ ግማሾች እኩል ነበሩ። ግማሹን እንደገና፣ ሩቡን እንደገና፤ በመጨረሻ እንደ ጥብጣብ የሳሳ ስንጥቅ በእጃቸው ይዘው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ቅርጫት በመሥራት ያረጁ ሴቶች ናቸው፤ ስንጥቁን እየተቀባበሉ በጣታቸው ዳሰሱት። አንዷ በአዊኛ፣ «ይህች ሚኒስትር አይደለችም» አለች። እንግዳዋ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። በሦስቱ ቀናት ውስጥ እንደዚያ ሲደሰቱ አላየኋቸውም።

ተቀምጠውም አፉ ሰፊ፣ ጅራቱ ቀጭን የሆነ ነገር ሠሩ። ማንም ምን እንደ ሆነ አላወቀውም።

«ዓሣ ማጥመጃ ነው» አሉ።

ሽማግሌው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ «እኛ ዓሣ የለንም። ግን ለጫጩት ይሆናል፤ ጭልፊት አስቸግሮናል» አሉ። ይህንን ስተረጉም ግን ለስለስ ላድርግ አላልሁም።

ምሳ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበልን። የቤቱ እመቤት ፈርታ ሚጥሚጣውን ራቅ አድርጋ ነበር። እንግዳዋ ስበው ድንቹን እንደ እኛ አጠቀሱት፤ ደግመውም አጠቀሱት። እኔ ዓይኔ አለቀሰ፤ እሳቸው ተጨማሪ ጠየቁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ ገበያ ነበር። ከጋሪውና ከፈረሱ መሃል ቅርጫት ሻጮቹ ያሉበት ጥግ ሄደው ከአንዲት ሴት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋን የጠየቋት ስንት ትሸጫለሽ ብለው አልነበረም። «ከሥራው የትኛው ነው እጅሽን የሚያምሽ?» ነበር ያሏት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጥያቄው የተሳሳተ መስሏት ይሆናል። ከዚያ አውራ ጣቷን ዘርግታ አሳየች። እንግዳዋም የራሳቸውን አውራ ጣት አሳዩዋት። በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ፣ ከጥፍሩ በታች፣ ጠባሳ አለ።

ከሰዓት በኋላ ዘንገናን ሳያዩ መሄድ የለባቸውም ብለን ወደ ሐይቁ ወሰድናቸው። ኃላፊውና ባለሙያው ፎቶ ሊያነሡ ወደ ታች ወረዱ። እኔና እሳቸው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ውሃው አይንቀሳቀስም። ሥልጣኑ እንዴት እንደ ቀረ የጠየቅኋቸው እዚያ ነው።

አንድ ቀን ምሽት ላይ ቴሌቪዥኑ ዜናውን አቋርጦ የሰልፍ ሙዚቃ ማሰማት ጀመረ። ወታደሮች መንግሥቱን እንደ ያዙ እንደዚያ ነው ያወቁት። ጠዋት ወደ ቢሮ ሲሄዱ በሩ ላይ የቆመው ወታደር የክፍለ አገራቸው ልጅ ነው። በእናታቸው ቋንቋ ይቅርታ ጠይቆ መለሳቸው፤ ግን ቢሮ ትተውት የነበረውን ጫማ ገብቶ አመጣላቸው። «ከሚኒስቴሩ ይዤ የወጣሁት ጫማዬን ነው» አሉኝ። ከዚያ ፓርቲያቸው ፈረሰ፤ እሳቸውም ለዓመታት ከፖለቲካ ታገዱ። ወደ መንደራቸው ተመልሰው ጠዋት ጠዋት የቤተ መቅደሱን ግቢ ይጠርጉ ጀመር። ሰው ቀስ በቀስ ወረቀቱን ይዞ ወደዚያ ግቢ መምጣት ያዘ።

እገዳው ሲያበቃ ሁሉም ወደ ትልቁ ምክር ቤት ይመለሳሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው የተወዳደሩት ለቀበሌያቸው አስተዳደር ነበር። ተሸነፉ።

«ማን አሸነፈዎት?»

«ያስተማርሁት ልጅ» አሉኝ። «ሁለተኛ ክፍል ሳለ እርሳስ መያዝ ያሳየሁት።»

እኔ ስለ ራሴ ምንም አልነገርኋቸውም ነበር። ኃላፊውም አያውቅም። ፊቴን ወደ ውሃው መለስሁ። እሳቸው ቀጠሉ። ያ ልጅ ሥራውን በያዘ በሳምንቱ ጸሐፊው ጥሎት ሄደ። ከወረዳ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚመልስለት ሰው አጣ። እሳቸው ሄደው እኔ ልሥራልህ አሉት። ለዓመታት ከእሱ በታች ጸሐፊ ሆነው ሠሩ።

ያን ጊዜ ነው የእኔን የነገርኋቸው፤ ስለ ሹም ሽሩ፣ ስለ ልጁ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስለምዞረው መንገድ። ለባሌ እንኳ ያልነገርሁት ነው። እንደሚመክሩኝ ጠብቄ ነበር። አልመከሩኝም።

«እንዴት ቻሉት?» አልኋቸው።

«የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር» አሉ። «ሁለተኛውም ከባድ ነበር። አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ እመለሳለሁ። ግን ሰዎቹ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው አጥተዋል፤ እኔ ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ እችላለሁ። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ትልቅ ልብ አለኝ ብለሽ እንዳታስቢ።»

እኔ ግን አሰብሁ። ዛሬም አስባለሁ። አንድ ሰው ሚኒስትር ሲሆን አይቼ ብዙም አልደነቅም፤ በሬዲዮ የምንሰማው ነው። ሚኒስትር ሆኖ ከዚያ በተማሪው ጠረጴዛ ጎን ወንበር ስቦ የተቀመጠ ሰው ግን አጠገቤ፣ ሣር ላይ፣ የወንድ ካፖርት ለብሶ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን የማያውቅ ሰው ሆኜ እስከዚያ ዕድሜ መድረሴ ገረመኝ።

በማግስቱ ማለዳ ሄዱ። እኔም በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ተመለስሁ።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ልማዴ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ዞርሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መምህራኑ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ተምታታ ብለው ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። ድልድሉን ስድስት ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደማይገጥም በቃሌ አውቀዋለሁ። ወደ ቢሮው ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ልጁ ሲያየኝ ብድግ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተሰረዘና የተደለዘ ወረቀት ተከምሯል።

«መምህርት፣ ልጠይቅዎት አስቤ አፍሬ ነው» አለኝ።

«እርሳስ አምጣ» አልሁት።

እስከ ምሳ ሰዓት ሠራን። ታረቅን እንዳልል ተጣልተን አናውቅም። ሰልፍ ላይ ጫማዬን ማየቴ በዚያ ቀን አልቀረም፤ እየቆየ፣ እየቆየ ነው የለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ድልድሉን በየዓመቱ አብረን እንሠራለን።

የቀርከሃው ነገር እንደ ታሰበው አልሆነም። ባለሙያው አንድ ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ሰዎችን አሠለጠነ፤ ለሥራው የሚሆን ዳስ ተሠራ። ይመጣል የተባለው የቀርከሃ መሰንጠቂያ ማሽን ሳይመጣ በጸጥታው ችግር መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርክም ለብዙ ወራት ጠፋ። ዳሱ ዛሬ የእንጨት ማስቀመጫ ሆኗል። ነገር ግን የዚያ መንደር ሰዎች ለጋውን ቀርከሃ አይቆርጡም። ሽማግሌው የዘንድሮውን ቡቃያ በሙሉ በጨርቅ እያሰሩ ምልክት ያደርጉበታል፤ ጫካው ከጎረቤት መንደር ይልቅ ጥቅጥቅ ብሎ ከመንገድ ይታያል።

ኔትወርኩ የተመለሰ ሰሞን ስልኬ ላይ ተጠራቅሞ የቆየ መልእክት አንድ ላይ ገባ። ከመሃሉ አንዱ የባለሙያው ነው። እንግዳችን ደህና እንደ ሆኑ፣ በዚያ ዓመት ለቀበሌያቸው እንደገና ተወዳድረው እንደገና እንደ ተሸነፉ ጽፏል። ያሸነፈቻቸው አንዲት ነርስ ናት። በማግስቱ ሄደው ሥራውን ከየት እንደምትጀምር ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው።

ዜናውን ለሽማግሌው ለመንገር አንድ እሑድ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መልእክቱን በአዊኛ አነበብሁላቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«እኒያ ሴት ተሸነፉ አልሽኝ» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ። ሁለት ጊዜ።»

«እሳቸውን የሚበልጥ ሰው ሁለት ጊዜ የተገኘበት ቀበሌ» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ምን ዓይነት ቀበሌ ቢሆን ነው?»

አጠገባቸው ተቀመጥሁና መልእክቱን ከመጀመሪያው ደግሜ አነበብሁላቸው።